ሃሺም ታቢት፦ እጁ የደረሰበትና ያልደረሰበት

ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2009 የታንዛኒያዊው ቅርጫት ኳስ ተጫዋች የሃሺም ታቢት ልደት ነበር። 22 ዓመት ሞላው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በዚያ ሰሞን ቡድኑ ኮኔቲከት፣ ሰው በአጭሩ ዩኮን የሚለው፣ ከአሜሪካ ኮሌጆች ሁሉ አንደኛ ደረጃ ላይ ነበር። የዚያን ምሽት ጨዋታ የሚያደርገው ሃርትፎርድ ላይ፣ በራሱ ደጋፊ ፊት ነው። ተጋጣሚው ፒትስበርግ ነው። የታቢት ቁመት 2 ሜትር ከ21 ሳንቲም ነው። ፒትስበርግ ሴንተር፣ ማለትም ቀለበቱ አጠገብ የሚጫወት ረጅም ሰው፣ አድርጎ ያቆመው ደዋን ብሌር ግን 2 ሜትር ገደማ ነው። ለሴንተር አጭር የሚባል ቁመት ነው።

ጨዋታው ገና ሳይሟሟቅ ሁለቱ ለአንድ ሪባውንድ፣ ሳይገባ ለተመለሰ ኳስ፣ ተያያዙ። እጃቸው ተቆላለፈ። ብሌር ወገቡን ዝቅ አድርጎ ጎተተ። ታቢት በብሌር ትከሻ ላይ ተገልብጦ በጀርባው ወለሉ ላይ ተዘረረ። ተነሳ፣ ጨዋታውም ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ግን የወትሮው ታቢት አልነበረም። ሲያልቅ ብሌር 22 ነጥብና 23 ሪባውንድ ነበረው። ታቢት 5 ነጥብና 4 ሪባውንድ። ፒትስበርግ 76 ለ 68 አሸነፈ።

አሁን ሁለት ሳምንት ያህል ወደኋላ እንመለስ። ጃንዋሪ 31 ቀን፣ ተጋጣሚው ፕሮቪደንስ። ታቢት 15 ነጥብ አስቆጠረ፣ 11 ሪባውንድ ወሰደ፣ 10 ሾት ብሎክ አደረገ፣ ማለትም ወደ ቀለበቱ የተወረወረ ኳስ አየር ላይ በእጁ አስቀረ። በአንድ ጨዋታ አሥር ብሎክ! ኳስ ይዞ ወደ ቀለበቱ የገባ ሁሉ ያን እጅ እያየ ነበር የሚመለሰው።

እኔ የዚህን ልጅ ታሪክ ሳስብ እነዚህን ሁለት ምሽቶች ጎን ለጎን አስቀምጣቸዋለሁ። በሁለቱም ምሽት ቁመቱ ያው ነው፣ እጁም ያው ነው። ልዩነቱ የመጣው ከወገብ በታች ነው። በኋላ በኤንቢኤ፣ በአሜሪካ ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ለደረሰበት ነገር ግማሹ መልስ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሌላው ግማሽ ደግሞ የእሱ ጥፋት አይደለም። ወደዚያም እመጣለሁ።

ታቢት የዳሬሰላም ልጅ ነው። ቅርጫት ኳስ የጀመረው 15 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። አባቱ የሞቱበት ገና ጎረምሳ ሳለ ነው። እኛም አገር ረጅም ልጅ መንገድ ላይ ሲታይ “አንተ፣ ቅርጫት ኳስ አትጫወትም?” ይባላል። እሱም እንዲሁ በቁመቱ ነው ወደ ሜዳው የገባው። ቀጥሎ ያደረገውን ግን በጣም እወድለታለሁ። ኢንተርኔት ካፌ ገብቶ የአሜሪካ ኮሌጆችን እየፈለገ ኢሜይል ይልክላቸው ጀመር። ታንዛኒያ ውስጥ ነኝ፣ ቁመቴ ይህን ያህል ነው፣ መማርና መጫወት እፈልጋለሁ። በጊዜው አንድም ታንዛኒያዊ ኤንቢኤ ውስጥ ተጫውቶ አያውቅም። መንገድ የሚያሳየው የአገሩ ሰው አልነበረም። እንደምንም አሜሪካ ደረሰ፣ ሂዩስተን ቴክሳስ ውስጥ ከሚገኝ ሳይፕረስ ክርስቲያን ከሚባል ትምህርት ቤት ጨረሰ፣ በ2006 ዩኮን ገባ። ሰነፍ ነበር የሚሉት ሰዎች ይህን ቢያስታውሱ ደስ ይለኛል።

ስሌቱን ልብ በሉት። በ15 ጀምሮ በ19 ከአሜሪካ ትልልቅ የኮሌጅ ቡድኖች አንዱ ውስጥ ገባ። ልምዱ በሙሉ ቢደመር አራት ዓመት ቢሆን ነው። አጠገቡ የቆሙት አሜሪካውያን ልጆች በአምስትና በስድስት ዓመታቸው ኳስ ማንጠር የጀመሩ ናቸው።

የሚገርመው፣ ብሎኩ ወዲያው ሠራ። በመጀመሪያ ዓመቱ በጨዋታ በአማካይ 3.8፣ በሁለተኛው 4.5፣ በሦስተኛው 4.2 ብሎክ አደረገ። በሦስት ዓመት 417። በዩኮን ታሪክ ከእሱ በላይ ያለው ኤሜካ ኦካፎር ብቻ ነው። በ2008ም በ2009ም ዩኮን ይጫወትበት የነበረው የኮሌጅ ሊግ፣ የቢግ ኢስት፣ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። በ2009 ደግሞ የሊጉን የዓመቱን ምርጥ ተጫዋችነት ክብር ለሁለት ተካፈለ። የተካፈለው ከማን ጋር ቢሆን ጥሩ ነው? ከደዋን ብሌር ጋር።

እዚህ ላይ ብሎክ ራሱ ምን እንደሆነ ቆም ብለን እንየው። የታቢት ነገር የሚገባው እዚህ ጋ ነውና።

ሾት ብሎክ ማድረግ ሲታይ ዝላይ ይመስላል። ትልቁ ነገር ግን ጊዜን መጠበቅ ነው። ጥሩ ተከላካይ ቀድሞ አይዘልም። አጥቂው እግሩን ከመሬት እስኪያነሳ ይታገሣል፤ አጥቂው አየር ላይ ከወጣ በኋላ ሐሳቡን መቀየር ይከብደዋል። ያኔ ይነሳል። ኳሱን ወደ ላይ በሚሄድበት ቅጽበት ማግኘት አለበት። ወደ ቀለበቱ መውረድ ከጀመረ በኋላ ቢነካው ነጥቡ እንደገባ ይቆጠራል። እጁ ትንሽ ዝቅ ብሎ የአጥቂውን ክንድ ከነካ ደግሞ ፋውል ነው። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ከሰከንድ በታች ነው።

ረጅም ሰው ግን የይቅርታ ጊዜ አለው። እግሩ ቢዘገይ እጁ ይደርስለታል። አንድ እርምጃ ተሳስቶ ቢቆም ያን ስህተት በክንዱ ይሸፍነዋል። ታቢት ኮሌጅ ውስጥ ይህን ሲያደርግ ነበር። ስህተቱ እንደ ስህተት አይታይም ነበር፤ የሚታየው መጨረሻው፣ ኳሱ ተመትቶ ተመልካች መሐል ሲወድቅ ነው። ሰው ብድግ ብሎ ያጨበጭባል። ቁጥሩ ይመዘገባል። ያ እርምጃ ለምን ዘገየ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ብሎክ ደግሞ ጮክ ብሎ የሚናገር ቁጥር ነው። ኤንቢኤ መቁጠር የጀመረው በ1973–74 ነው፣ ኮሌጆቹ ደግሞ በ1985–86። ከዚያ በፊት የቦስተኑ ሴንተር ቢል ራስል ስንት ሾት እንዳስቀረ በይፋ አልተቆጠረም። ራስል ኳሱን ወደ ተመልካች መምታት አይወድም ነበር። ለጓደኞቹ ቀስ አድርጎ ይገፋው ነበር፣ ኳሱ የእነሱ እንዲሆን። አሁን ባለው አቆጣጠር ግን ሦስተኛ ረድፍ ላይ ያረፈ ኳስም፣ ለጓደኛ የተገፋ ኳስም እኩል አንድ ብሎክ ናቸው። አጥቂው ፈርቶ ጭራሽ ሳይወረውር የቀረውን ደግሞ ማንም አይቆጥረውም።

እውነቱን ለመናገር፣ ታቢት በዚህ በማይቆጠረው በኩልም ለዩኮን ብዙ ሠርቷል። አሰልጣኙ ጂም ካልሁን ለዓመታት በብሎክ የሚታወቁ ቡድኖችን ነው የገነቡት። የውጭ ተከላካዮቹ አጥቂውን አጥብቀው ይጫኑታል። ቢያልፋቸው ግድ የለም፣ ከኋላ ታቢት አለ። ኮሌጅ ውስጥ ተከላካይ ቀለበቱ ሥር የፈለገውን ያህል መቆም ይችላል። የሦስት ነጥቡ መስመርም በዚያ ዓመት 6 ሜትር ከ32 ሳንቲም ላይ ነበር። ቅርብ ነው። ስለዚህ ሜዳው ጠባብ ነው፣ አጥቂዎቹ ተጠጋግተው ይቆማሉ፣ አንድ ረጅም ሰው መሐል ላይ ቆሞ ብዙ ቦታ ይሸፍናል።

ኤንቢኤ ግን ሌላ አገር ነው። ከ2001–02 ጀምሮ አንድ ተከላካይ በቅርብ የሚጠብቀው ሰው ሳይኖር ቀለበቱ ሥር ባለው ክልል ከ3 ሰከንድ በላይ መቆም አይችልም። መውጣት፣ መግባት፣ እንደገና መውጣት አለበት። የሦስት ነጥቡ መስመር ፊት ለፊት 7 ሜትር ከ24 ነው። በዚህ ላይ ፒክ ኤንድ ሮል አለ። የተጋጣሚው ረጅም ሰው ወጥቶ ለኳስ ያዡ ግድግዳ ይሆንለታል። ይህ ማለት ታቢት ግዴታ ከቀለበቱ ተጎትቶ መውጣት አለበት ማለት ነው። ስድስትና ሰባት ሜትር ርቀት ላይ፣ ከዓለም ፈጣን ሰዎች ፊት ለፊት፣ ጎንበስ ብሎ በጎን መንሸራተት አለበት። እዚያ ቦታ ላይ 2 ሜትር ከ21 መሆን አይረዳም። እንዲያውም ሸክም ነው።

ያን ዓመት ዩኮን በአገር አቀፉ የኮሌጆች ውድድር እስከ መጨረሻዎቹ አራት ደርሶ ዲትሮይት ላይ በሚቺጋን ስቴት 82 ለ 73 ተሸነፈ። ታቢት አንድ ዓመት እየቀረው ኮሌጁን ትቶ ወደ ድራፍት፣ የኤንቢኤ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ ወደሚመርጡበት ምሽት፣ ገባ። ሜምፊስ ግሪዝሊስ 2ኛ አድርጎ መረጠው። ከእሱ በፊት የተጠራው ብሌክ ግሪፊን ብቻ ነው። 3ኛው ጄምስ ሃርደን ነው። 7ኛው ስቴፈን ከሪ። 9ኛው ዴማር ዴሮዛን።

ሰው ሁሉ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። “ከሪን ትተው ታቢትን!” ይባላል። ይህ ሙግት ለእኔ ብዙም ክብደት የለውም። ሚኒሶታ 5ኛውንም 6ኛውንም ምርጫ ይዞ ከሪን ሁለት ጊዜ አልፎታል። በዚያ ምሽት ከሪ ምን እንደሚሆን ያወቀ ቢኖር ሰባተኛ ባልደረሰ ነበር። የሜምፊስ ስህተት ሌላ ቦታ ነው ያለው፣ ስለሱ ደግሞ ብዙ ሲወራ አልሰማም።

ሜምፊስ ሴንተር ነበረው። ማርክ ጋሶል ከዓመት በፊት መጥቷል፣ ገና ወጣት ነው፣ እየጎለበተም ነው። በዚያው በጋ ደግሞ ዛክ ራንዶልፍን አመጡ። ከቀለበቱ አጠገብ ያሉት ሁለት ቦታዎች ተያዙ ማለት ነው። ልምድ ከምንም በላይ የሚያስፈልገውን ልጅ ወስደው የሚለማመድበት ቦታ አሳጡት። ታቢት በመጀመሪያ ዓመቱ 68 ጨዋታ ገባ፣ በአማካይ 13 ደቂቃ። 3.1 ነጥብ፣ 3.6 ሪባውንድ፣ 1.3 ብሎክ።

ያ 1.3 ትንሽ ይመስላል አይደል? በደቂቃ አስሉት። አንድ መደበኛ ተሰላፊ በሚጫወተው 36 ደቂቃ ቢባዛ 3.6 ብሎክ ይመጣል። ከሊጉ ምርጦች ጎን የሚያስቀምጥ ነው። ስለዚህ ኤንቢኤ ሲገባ ብሎክ ማድረግ አልጠፋበትም። እጁ እዚያም ሠርቷል። ያጣው እጁ ከመነሳቱ በፊት የሚመጣውን ሁሉ ነው፦ የት እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚወጣ፣ ሲገፉት እንዴት እንደሚጸና፣ ፋውል ሳይሠራ ሜዳ ላይ እንዴት እንደሚቆይ። በማጥቃት በኩልም ፓስ ሲሰጡት ኳሱ እጁ ላይ አይረጋም የሚል ወቀሳ ከኮሌጅ ጀምሮ ተከትሎታል። ይህም እውነት ነበር። ጥሩ ፓስ አምልጦት የሚሄድ ሴንተርን ጓደኞቹ ቀስ በቀስ ማየት ያቆማሉ።

ፌብሩዋሪ 2010 ላይ ሜምፊስ ወደ ታችኛው ሊግ፣ ቢዝማርክ ወዳለው ዳኮታ ዊዛርድስ ላከው። እስከዚያ ቀን ድረስ ያን ያህል ከፍ ብሎ የተመረጠ ተጫዋች ወደዚያ ሊግ ወርዶ አያውቅም። ዜናው እንደ ቅጣት ተወራ። እኔ ግን እንደሱ አላየውም። ለዚያ ልጅ የሚያስፈልገው ደቂቃ ነበር፣ ደቂቃው ደግሞ ያለው እዚያ ነው። ሰሞኑን ወጣት ተጫዋች ወደ ታችኛው ሊግ ቢላክ ማንም አይደነቅም። ያኔ ግን “2ኛ ምርጫ” የሚል ስም ተሸክሞ መውረድ ውርደት ነበር። እዚያም ብዙ አላቆዩትም።

አሁን ማርክ ጋሶልን እዩት። ጋሶል ዝላይ የለውም። ፈጣን አይደለም። በ2013 ግን የኤንቢኤ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ሆነ፣ በጨዋታ 1.7 ብሎክ ብቻ እያደረገ። እንዴት? ቀድሞ ይቆማል። አጥቂው ገና ሳያስብ ጋሶል ቦታው ላይ ነው። መዝለል አያስፈልገውም። ጓደኞቹን በድምፅ እየመራ ያቆማቸዋል፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ውጣ፣ ተመለስ። ታቢት ከዚህ ሰው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ከእግሩ ሥር መማሪያ ነበረው ማለት ይቻላል። ወንበር ላይ ሆኖ ማየትና ሜዳ ውስጥ ገብቶ መሳሳት ግን አንድ አይደሉም። እንዲህ ያለው ነገር ሰውነት ውስጥ የሚገባው ሺህ ጊዜ ተሳስተህ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ያልቃል። ፌብሩዋሪ 2011 ላይ ሜምፊስ ሼን ባቲየርን ለማምጣት ሲል ወደ ሂዩስተን ላከው። ማርች 2012 ላይ ሂዩስተን ማርከስ ካምቢን ለማምጣት ወደ ፖርትላንድ ላከው። በዚህኛው ንግድ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ልብ ይነካል። ከታቢት ጋር አብሮ የተላከው ጆኒ ፍሊን ነው፣ የዚያው የ2009 ድራፍት 6ኛ ምርጫ። ሁለቱ ኮሌጅ ሳሉ ማርች 2009 ላይ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ተገናኝተው ነበር። ሲራኪዩስና ዩኮን ስድስት ጊዜ ጭማሪ ሰዓት ተጫውተው ሲራኪዩስ 127 ለ 117 አሸነፈ። ፍሊን ከ70 ደቂቃው 67ቱን ተጫውቶ 34 ነጥብ አስቆጠረ። ሰው ቤቱ የገባው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ያን ሌሊት ያየ ሁሉ እነዚህ ልጆች ኤንቢኤን ይገዛሉ ብሎ ነበር የተኛው። ሦስት ዓመት ሆነና ሁለቱ ተጠቅልለው ለአንድ የ37 ዓመት ሴንተር መለወጫ ሆኑ። ካምቢም በጊዜው፣ በ1996፣ 2ኛ ተመርጦ የገባ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ብሎክ የሚያደርግ። በ2007 የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተብሏል። ታቢት ይሆናል ተብሎ የተጠበቀው ያ ነበር።

ቀጥሎ ኦክላሆማ ሲቲ ሁለት ዓመት ቆየ። እሱ በጁላይ 2012 ሲደርስ ሃርደን እዚያ ነበር፤ በኦክቶበር ሃርደን ወደ ሂዩስተን ተሸጠ። ኦክላሆማ ውስጥ በብሎክ ሊጉን የሚመራው ሰርጅ ኢባካ ነበር፣ የብራዛቪል ልጅ፣ ከታቢት 13 ሳንቲም የሚያጥር፣ በ2008 24ኛ የተመረጠ። በ2014 የታቢት የኤንቢኤ ቆይታ አበቃ። በጠቅላላው 224 ጨዋታ፣ በአማካይ 2.2 ነጥብ፣ 2.7 ሪባውንድ፣ 0.8 ብሎክ። ብሌርስ? ሁለቱም ጉልበቶቹ ኤሲኤል የሚባለው ዋና ጅማት የላቸውም ተብሎ ተፈርቶ 37ኛ ተመረጠ። በመጀመሪያ ዓመቱ ግን 82ቱንም ጨዋታ ገባ።

አሜሪካኖቹ እንዲህ ላለ ተጫዋች “በስት” የሚል ቃል አላቸው። የከሰረ እንደ ማለት ነው። ይህን ቃል አልወደውም። የከሰረው ገዢው ነው ወይስ ዕቃ ተደርጎ የተቆጠረው ልጅ? ታቢት “2ኛ ምረጡኝ” ብሎ ማንንም አላስገደደም። ዋጋውን የተመኑት ሌሎች ናቸው። የተመኑትም በቁመቱና በብሎኩ ነው። ከ417ቱ ብሎክ ስንቱ በጥሩ እግር የመጣ፣ ስንቱ በረጅም ክንድ የተሸፈነ ስህተት እንደሆነ መለየት የእነሱ ሥራ ነበር።

“ዘግይቶ ስለጀመረ ነው” የሚልም አለ። ይህ ብቻውን አያስኬድም። ሃኪም ኦላጁዎን ሌጎስ ውስጥ እግር ኳስና እጅ ኳስ ሲጫወት ኖሮ ቅርጫት ኳስ የጀመረው እሱም በ15 ዓመቱ ገደማ ነው። ዲኬምቤ ሙቶምቦም ኪንሻሳ ውስጥ ዘግይቶ ነው የጀመረው። ኦላጁዎን 3,830፣ ሙቶምቦ 3,289 ብሎክ ይዘው የኤንቢኤ አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ቀሩ። ሁለቱም ዘግይተው የጀመሩ አፍሪካውያን ናቸው። ታዲያ ምን ለያቸው?

ሰው። ኦላጁዎን ሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ ሳለ በጋውን ሙሉ ፎንዲ በሚባለው የከተማው ስፖርት ማዘውተሪያ ከሞሰስ ማሎን ጋር ይጋጠም ነበር። ማሎን ያኔ የሊጉ ኃይለኛ ሴንተር ነው። ልጁን ያለ ምሕረት በጉልበቱ ይገፋው፣ ይደፋው ነበር። ብሌር ታቢትን በአንድ ምሽት ያሳየውን ማሎን ለኦላጁዎን በየቀኑ ያሳየው ነበር፣ ያውም ካሜራ በሌለበት። ሙቶምቦ ደግሞ ጆርጅታውን ሲገባ አሰልጣኙ ጆን ቶምፕሰን ነበሩ። ቶምፕሰን ራሳቸው ሴንተር ነበሩ፤ ቦስተን ውስጥ የቢል ራስል ተቀያሪ ሆነው ተጫውተዋል። ልምምድ ላይ ሙቶምቦ ፊት የሚቆመው ሌላው ኃይለኛ ሴንተር አሎንዞ ሞርኒንግ ነው። ከዚህ በላይ ትምህርት ቤት ከየት ይመጣል!

ሌላው ደቂቃ ነው። ሙቶምቦ በ1991 4ኛ ሆኖ ሲመረጥ 25 ዓመቱ ነው። የወሰደው ዴንቨር ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 20 ጨዋታ ብቻ ያሸነፈ ቡድን ነበር። የሚያጣው ነገር የለም። ገና በመጀመሪያው ዓመት በጨዋታ 38 ደቂቃ አጫወተው። 16.6 ነጥብና 12.3 ሪባውንድ አስመዘገበ። ታቢት በ13 ደቂቃ፣ ሙቶምቦ በ38። እርግጥ ደቂቃ በነፃ አይሰጥም። ሙቶምቦ የተዘጋጀ ሆኖ ነው የመጣው፣ ታቢት ደግሞ በተሰጠው ጥቂት ደቂቃ ውስጥ አሰልጣኙን ማሳመን አልቻለም። ይህን ልሸፍንለት አልፈልግም። ሁለቱ ነገሮች ግን እርስ በርስ ይመጋገባሉ። ስላልተዘጋጀ አልተጫወተም፣ ስላልተጫወተ አልተዘጋጀም።

ይህን ሁሉ አሁን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ጁን 2025 ላይ ካማን ማልዋች የሚባል ደቡብ ሱዳናዊ ሴንተር ከዱክ ዩኒቨርሲቲ 10ኛ ሆኖ ተመረጠ፣ ወደ ፊኒክስም ሄደ። ኡጋንዳ ውስጥ ያደገ ልጅ ነው። ዱክ 2 ሜትር ከ18 ብሎ መዝግቦታል። ኳስ የጀመረው በ2019 ነው። ስለ እሱ የሚጻፈውን ሳነብ የ2009 ጽሑፎች ትዝ ይሉኛል፦ ክንዱ፣ ቁመቱ፣ “ገና ምን አይተን”። የዱክ ቁጥሩ ግን ከታቢት ያነሰ ነው፣ በጨዋታ 1.3 ብሎክ። መጨረሻዎቹ አራት ላይ ከሂዩስተን ጋር ሲጫወቱ ደግሞ በ21 ደቂቃ አንድም ሪባውንድ ሳይወስድ ወጣ። ዱክም 70 ለ 67 ተሸነፈ። የሂዩስተን ልጆች ከእሱ የሚያጥሩ፣ ግን በወገባቸው የሚገፉ ነበሩ። የብሌርን ምሽት ያየ ሰው ይህን ሲያይ ደረቱ ላይ አንድ ነገር ይሰማዋል።

ያም ሆኖ ለማልዋች ተስፋ የማደርግባቸው ምክንያቶች አሉኝ። ታቢት ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ብቻውን ኢሜይል ሲጽፍ ኤንቢኤ አፍሪካ ውስጥ ማሰልጠኛ አልነበረውም። ማልዋች ሴኔጋል ሳሊ ባለው የኤንቢኤ አካዳሚ ነው የሠለጠነው። በ2021 የተጀመረው የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ውስጥ ገና ጎረምሳ ሳለ ከአዋቂዎች ጋር ተጋፍቷል። በ17 ዓመቱ ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ለአገሩ ተሰልፏል። ሲመረጥ 18 ዓመቱ ነበር። ታቢት ግን 22 ሆኖት ነበር። አራት ዓመት ለሴንተር ብዙ ነው። እግሩን የሚያስተካክልበት፣ ተሳስቶ የሚማርበት ጊዜ ነው። ቁጥሩ ማነሱም እንዲያውም ሳይጠቅመው አይቀርም፣ ማንም ብሎኩን ብቻ አይቶ “ይሄ ልጅ አልቆለታል” አይለውም።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ፊኒክስ ማልዋችን ባገኘበት በዚያው የድራፍት ምሽት ሌላም ሴንተር በንግድ አመጣ፦ ማርክ ዊሊያምስን ከሻርለት። እሱም የዱክ ልጅ ነው፣ እሱም ረጅም ነው፣ ልምድም አለው። ሜምፊስ ታቢትን ሲወስድ ጋሶል እንደነበረው ማለት ነው። ስለዚህ እኔ ማልዋችን ሳይ የማየው ብሎኩን አይደለም። ስንት ደቂቃ ገባ? ሲገባስ ተጋጣሚው ወደ ውጭ ሲጎትተው እግሩ ምን ያደርጋል? ስንት ፋውል ላይ ነው? ማታ ላይ ውጤቱን ስከፍት መጀመሪያ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ደቂቃው ነው።

ታቢት ከኤንቢኤ ከወጣ በኋላ አልተቀመጠም። ጃፓን ሄዶ ለዮኮሃማ ተጫወተ። 33 ሊሞላው ሲል ወደ አሜሪካ ተመልሶ ፎርት ዌይን ውስጥ፣ በ2010 እንደ ውርደት በተወራበት በዚያው ታችኛው ሊግ፣ እንደገና ከዜሮ ጀመረ። ከዚያም ታይዋን ሄደ። ማንም 2ኛ ምርጫ ብሎ በማይጠራው ቦታ፣ አጥቂው እግሩን ከመሬት እስኪያነሳ ይጠብቅ ነበር።